ድንበር ላይ የቆመ ደቦ

አቶ ውዱ በሕይወት ሳሉ በእንጅባራ ዙሪያ ደቦ ማለት ደቦ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ ማሳው ዳር ከተሰበሰበ በኋላ ባለማሳው በገዛ እጁ የመጀመሪያውን ዶማ መሬት ላይ ሳያሳርፍና «ግቡ» ሳይል አንድም ሰው ድንበሩን አይረግጥም ነበር። ባለማሳው ታሞ ቢተኛ እንኳ በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተው ዶማውን ያስነኩታል እንጂ ያለ እርሱ ቃል አይጀምሩም። ልጃቸው አቶ ይኸነው ደግሞ ይህንኑ ሥርዓት ከማሳ ወደ ወረቀት አሻገሩት። ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ስለ ነበር ያላነበቡትን አይፈርሙም፤ ያነበቡትንም ሦስት ጊዜ ሳይደግሙ አይፈርሙም። የሠርግ መጥሪያ ሲደርሳቸው ሳይቀር ሦስት ጊዜ አንብበው፣ ከግርጌው «ተስማምቻለሁ» ብለው ፈርመው ለላከው ሰው ይመልሱት ነበር። የእነዚህ ሰዎች ዘር የሆኑት መምህር ዓባይነህ ይኸነው ሠላሳ አንድ ዓመት በርዕሰ መምህርነት አገልግለው ጡረታ ከወጡ ዐሥራ አራት ዓመታቸው ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአልጋቸው ላይ ተጋድመው ሳለ፣ መኝታ ክፍሉን ከሳሎኑ ከሚለየው የቀርከሃ ግድግዳ ወዲያ የእኅታቸው ልጅ ጢሞቲዎስ ለእናቱ ሲያንሾካሹክ ሰሙት።

«የሆስፒታሉን የስምምነት ቅጽ አጥፈን የፊርማውን ቦታ ብቻ እናሳያቸዋለን። ለጨጓራ ነው እንላቸዋለን።»

«ካወቁብንስ?» አለች እኅታቸው እታለማሁ።

«አያውቁም። ካወቁ ልባቸው ይቆማል። ጉበት የሚባል ቃል በዚህ ግቢ እንዳይነሣ። ዱለት እንኳ እንዳይባል!»

መምህር ዓባይነህ በመጀመሪያ የተቆጡት በበሽታው አልነበረም፤ በእጥፋቱ ነበር። እርሳቸው የታጠፈ ወረቀት ይፈርማሉ ብሎ የሚያስብ ሰው በቤተሰባቸው ውስጥ መብቀሉ ከጎናቸው ሕመም ይልቅ ቆጠቆጣቸው። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በቅደም ተከተል ማሰላሰል የጀመሩት። ከሦስት ሳምንት በፊት ባሕር ዳር ወስደዋቸው፣ አንድ ወጣት ሐኪም በቀኝ ጎናቸው በኩል በረጅም መርፌ ናሙና ሲወስድ «ጨጓራ በጎድን በኩል ነው እንዴ የሚገኘው?» ብለው ጠይቀው ነበር። በዚያው ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነው ጢሞቲዎስ «አዎ፣ በአዲሱ አሠራር» ብሎ መለሰላቸው። በአዲስ አሠራር ስንት ነገር ከቦታው ሲንቀሳቀስ ስላዩ ያን ዕለት አልተከራከሩም።

የጢሞቲዎስ ኮት በእርሳቸው ክፍል በር ጀርባ በሚገኘው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ በቤቱ ውስጥ ኮት የሚችል ሚስማር እርሱ ብቻ ነውና። ከውስጥ ኪሱ አንድ ቡናማ ፖስታ ብቅ ብሎ፣ በላዩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የገዛ ስማቸው ይታያል። የሰው ኪስ መግባት ነውር ነው፤ ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ ማንበብ ግን መብት ነው። ፖስታው የእርሳቸው፣ ኪሱ የጢሞቲዎስ በመሆኑ ጉዳዩን ጥቂት ካመዛዘኑ በኋላ፣ እጃቸውን ወደ ኪሱ ሳያስገቡ ኮቱን በጅራቱ ይዘው ዘቅዝቀው አራገፉት። ፖስታው፣ አንድ ማበጠሪያና ሁለት ከረሜላ መሬት ላይ ወደቁ። ማበጠሪያውንና ከረሜላዎቹን በክብር መለሱ።

በስማቸው አጻጻፍ ውስጥ አንድ ፊደል ጎድሏል። ከሁሉ አስቀድመው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው አሟሉት። ከዚያ መነጽራቸውንና ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላታቸውን ይዘው በመስኮቱ አጠገብ ባለው የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ቢሆንም ለማንበብ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደባቸው፤ ግማሹ ጊዜ ያለፈው ግስ የሌላቸውን ዓረፍተ ነገሮች በማሟላት ነበር። ነገሩ ግን ግልጽ ሆነላቸው። በጉበታቸው ቀኝ ክፍል አንድ ካንሰር አለ። ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ በሦስተኛውም አልተለወጠም። መዝገበ ቃላቱን በጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ከታች አንድ አንቀጽ ተጨምሯል፤ ይህን የመሰለ ነገር ደግሞ በዕድሜያቸው አንብበው አያውቁም። በሽታን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት መጥተው በእብጠቱ ዳርቻ ተሰብስበዋል፤ ወደ ውስጥ የዘለቁት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው ይላል።

«መጥተው ቆመዋል?» አሉ ለብቻቸው።

የሞት ነገር ለጊዜው ከሐሳባቸው ወጣ። ደወል ከተደወለ በኋላ ከክፍሉ ውጭ በረንዳ ላይ ቆሞ የሚያወራ መምህር ለሠላሳ አንድ ዓመት ታግሠው የማያውቁ ሰው፣ በገዛ ጉበታቸው ውስጥ ይህ ሁሉ ሠራተኛ በር ላይ መቆሙ አንገበገባቸው። የሚበሉት የእርሳቸውን እንጀራ ነው፤ የሚመላለሱት በእርሳቸው ደም ነው። ለመሆኑ ማንን ነው የሚጠብቁት?

ራሳቸውን እየነቀነቁ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲመለከቱ ግቢው በሰው ተሞልቷል። «ጨጓራ» የሚለው ወሬ የደረሳቸው ዘመዶች ለጥየቃ መጥተው በቀርከሃው አጥር ሥር በአግዳሚና በበርጩማ ላይ ተደርድረዋል። ከዳንግላ ድረስ በሚኒባስ የመጣው የአጎታቸው ልጅ ሽባባው፣ ጋሪ ነጂ በመሆኑ አለንጋውን ከአንገቱ ሳያወልቅ፣ «የድንች ውሃ ለጨጓራ ፍቱን ነው» ብሎ ግማሽ ጆንያ ድንች ተሸክሞ መጥቷል። ጎረቤታቸው ማናየሽ አንድ ኪሎ ተልባ በሌማት ይዛ፣ ዋጋው መቶ ሰማኒያ ብር መግባቱን ለሚገባውም ለሚወጣውም ታስረዳለች። ሌሎች ሁለት የእድር ሰዎች ስለ ማዳበሪያ ያወራሉ። ሁሉም በየተራ እስከ ሳሎኑ ደፍ ይመጡና «እግዜር ይማርዎ፣ ጨጓራ ቀላል ነው» ብለው፣ የዓይናቸውን ውሃ በነጠላ እየጠረጉ በጥድፊያ ወደ አጥሩ ይመለሳሉ። ለቀላል ጨጓራ የሚፈስ እንባ መምህር ዓባይነህ አይተው አያውቁም። አንድም ሰው ደፉን ተሻግሮ ከአጠገባቸው አልተቀመጠም።

በእጃቸው ያለውን ወረቀት ተመለከቱ፤ ግቢውን ተመለከቱ። እንደገና ወረቀቱን ተመለከቱ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ሌላ ሰው ቢያደርገው እብደት ይባል ነበር። ጥቁሩን የሱፍ ኮታቸውን ለበሱ፤ ከራቫታቸውን አሰሩ፤ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጎናቸውን ሳይደግፉ፣ ቀጥ ብለው ወደ ግቢው ወጡ። ዘመዶቹ ሁሉ እንደ ተማሪ ተነሡ።

«ለጨጓራ መነሣት ጥሩ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ!» አለች እታለማሁ እየሮጠች።

«የመጣችሁት እኔን ልትጠይቁ ነው፤ ሥራ ፈትታችሁ ከምትቀመጡ ስለ ሰው አካል ትምህርት እሰጣችኋለሁ» አሉ መምህር ዓባይነህ። «ጢሞቲዎስ፣ አንተ ከፊት ተቀመጥ።»

ጢሞቲዎስ የታጠፈውን ቅጽ በእጁ ይዞ ነበር። «ጋሼ፣ ከትምህርቱ በፊት አንድ ፊርማ ብቻ... እዚህች ጋ። ለጨጓራው ነው።»

«ዘርጋው።»

«ወረቀቱ... ተጣብቋል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እስኪላቀቅ ተቀመጥ።»

መምህር ዓባይነህ የሽባባውን የድንች ጆንያ አስጎትተው በግቢው መካከል ባለ የቀርከሃ ወንበር ላይ አስቀመጡት። በመጀመሪያ ማናየሽን በዚያ ቦታ ሊያቆሟት አስበው ነበር፤ «ምን ልሁን ብለው ነው?» ስትላቸው «ጠላት» ብለው ቢመልሱ ተልባዋን አንሥታ ልትሄድ ስለ ቃጣት ጆንያው ተመረጠ። «ይህ በሰው አካል ውስጥ የበቀለ ክፉ እብጠት ነው» አሉ በከዘራቸው እየጠቆሙ። «የት እንደ በቀለ አይጠየቅም። ጨጓራ ውስጥ ነው እንበል።» ጢሞቲዎስ በረጅሙ ተነፈሰ። «እናንተ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ማለትም የአካል ዘበኞች ናችሁ። ሽባባው፣ ቁም! እናንተም ቁሙ። ጆንያውን ክበቡ፤ አትንኩት።»

ሽባባው በጆንያው ፊት ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «ጋሼ፣ ካዘዙኝ አንድ አለንጋ ባቀምሰው...»

«አልታዘዝክም። አንተ ሕዋስ ነህ፤ ሕዋስ አይናገርም።»

እውነቱን ለመናገር መምህር ዓባይነህ ትምህርቱን የጀመሩት ለሽባባው ብለው አልነበረም። በመምህርነት ዘመናቸው የደረሱበት አንድ ነገር ነበር፤ ጎበዝ ተማሪን ማናገር ሲያቅት አለመጠየቅ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ስሕተት መጻፍ ብቻ። ሰነፉ ይገለብጣል፤ ጎበዙ ግን የተሳሳተውን ነገር እያየ ዝም ማለት ከሆድ ቁርጠት ይብስበታል። ጢሞቲዎስ ደግሞ በእርሳቸው እጅ ተምሮ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ነው።

«እነዚህ ነጭ ሕዋሳት የሚወለዱት ሳንባ ውስጥ ነው» ብለው ጀመሩ።

ጢሞቲዎስ በወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «የአጥንት መቅኒ ውስጥ» አለ በጉሮሮው።

«የሚመገቡትም ተልባ ብቻ ነው።» ማናየሽ በኩራት ዙሪያዋን አየች። ጢሞቲዎስ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። እነዚህ ዘበኞች እብጠቱን ከበው ቆመዋል፤ ግን አይገቡም። ለምን አይገቡም? ሰነፎች ስለ ሆኑ ነው። ፈሪዎችም ናቸው። እኔ ብሆን ሁሉንም ከሥራ አግጄ ሌላ ደም እቀጥር ነበር።»

ሽባባው የተሰደበው እርሱ መስሎት ዓይኑን አፈጠጠ። ከእድሩ ሰዎች አንዱ «እኔ እንኳ ለመግባት ዝግጁ ነበርሁ» ብሎ አጉረመረመ። ጢሞቲዎስ ግን ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሥቷል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል።

«ሰነፎች አይደሉም፣ ጋሼ! ይህ ፍጹም ስሕተት ነው! አውቀው፣ ጠላትነቱን ለይተው ነው የመጡት! ካንሰሩ ነው በላዩ ላይ ‹የቤት ሰው ነኝ› የሚል ምልክት አውጥቶ ክንዳቸውን የሚያዝለው! ጉበት ደግሞ በተፈጥሮው ታጋሽ ነው፤ ከአንጀት የሚመጣውን ባዕድ ነገር ሁሉ ሲያስተናግድ ስለሚኖር ዘበኞቹን ቶሎ እንዳይቆጡ አስለምዷቸዋል። ጥቂቶቹማ ጭራሽ ከድተው ለካንሰሩ ይሠራሉ! የእርስዎም ጉበት...»

ቃሉ በአየር ላይ ቀረ። ከአጥሩ ወዲያ የሚያልፍ ባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ፤ እርሱም አለፈ። የማናየሽ ሌማት ዘመመና ተልባው ተንሸራትቶ በመሬቱ ላይ ተዘራ፤ የኪሎውን ዋጋ ያነሣ ግን አልነበረም። እታለማሁ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች። ጢሞቲዎስ አንድ እጁን ወደ መምህር ዓባይነህ ዘርግቶ፣ ልባቸው ሲቆም ከመውደቃቸው በፊት ሊይዛቸው እንደ ተዘጋጀ ሰው፣ በከፊል ጎንበስ ብሎ ደርቆ ቀረ።

መምህር ዓባይነህ ልባቸውን አዳመጡ። ይመታል፤ ትንሽ ፈጠን ይላል እንጂ በሥርዓቱ ይመታል።

«ጥሩ መልስ ነው» አሉ። «ቀጥል። የእኔም ጉበት?»

«የከዱት እነማን ናቸው?» አለ ሽባባው፣ ነገሩ ገና ሳይገባው አለንጋውን ከአንገቱ እያወረደ። «ስማቸው ይነገረን!»

ማንም አልሳቀም፤ ቀጥሎ ግን መምህር ዓባይነህ ራሳቸው ሳቁ። ጎናቸውን እያመማቸው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፖስታውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ለጢሞቲዎስ ሰጡት። «ስሜን አስተካክዬልሃለሁ። ግስ የጎደለባቸውንም ዓረፍተ ነገሮች አሟልቻለሁ፤ ለጻፈው ሐኪም አድርስልኝ። አሁን ተቀመጥና ሁሉንም ንገረኝ፤ በአዲሱ አሠራር ሳይሆን በድሮው።»

ጢሞቲዎስ ተቀመጠ፤ ነገራቸውም። እብጠቱ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ስፋቱ አምስት ሴንቲ ሜትር መሆኑን፣ ወደ ሌላ የአካል ክፍል እንደ ተዛመተ የሚያሳይ ምልክት አለመገኘቱን፣ ስለዚህም ሐኪሞቹ በመጪው ረቡዕ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ መወሰናቸውን አንድ በአንድ አስረዳ። የካንሰሩን ምልክት ሸፍኖ ዘበኞቹን የሚያነቃ መድኃኒት በዓለም ላይ መኖሩን፣ ሆኖም ለሁሉም በሽተኛ እንደማይሠራና እዚህም በቀላሉ እንደማይገኝ አልደበቀም። ቀዶ ሕክምናው ራሱ አደጋ አለው፤ ቢሳካም በሽታው ሊመለስ ይችላል። እየተናገረ በሄደ መጠን ድምፁ እየጠራ፣ ትከሻውም ቀና እያለ መጣ። ሰዎቹ የቆሙበትን ክበብ አጥብበው፣ ድንቹን ረስተው፣ በመምህር ዓባይነህ ዙሪያ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ማናየሽ እንዲያውም ምን ጊዜ እንደ ሆነ ሳይታወቅ የግራ እጃቸውን ይዛለች።

«አያቴ በደቦ ጊዜ ባለማሳውን ሳያስፈቅዱ አንድ ጓል አያስነሡም ነበር» አሉ መምህር ዓባይነህ። «እናንተ ደቦ ጠርታችሁ፣ ከዳንግላ ሳይቀር ሰው አስመጥታችሁ፣ ለባለማሳው ግን ‹ማሳው ሌላ ቦታ ነው› አላችሁት። ታዲያ ማን ‹ግቡ› ይበላችሁ? ስታለቅሱ ዋላችሁ እንጂ ምን ሠራችሁ? ቅጹን አምጣ።»

ጢሞቲዎስ እጥፋቱን ፈታ፤ ወረቀቱ አልተጣበቀም ነበር። መምህር ዓባይነህ መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛውን ንባብ ሲጀምሩ ሽባባው ድንች ቆጥሮ ጨረሰ። በሦስተኛው ንባብ መካከል እታለማሁ ምሳ ለማቅረብ ተነሣች፤ «አሁን ዱለት መሥራት ይቻላል?» ብላ ልጇን በሹክሹክታ ጠየቀችው። በመጨረሻ መምህር ዓባይነህ በተራ ቁጥር አራት ላይ የጎደለ አራት ነጥብ ጨምረው፣ ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ጽፈው ፈረሙ፤ ከፊርማው ጎንም «አንብቤ፣ ተረድቼ» ብለው አከሉበት።

«እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ ወረቀቱን ሲመልሱለት። «ልቤ ይቆማል ብለህ ያመንከው በምን ማስረጃ ነው?»

ጢሞቲዎስ መሬት መሬት አየ። «በአባቴ ነው» አለ። «ደኅና ሆኖ ሲያወራ ነበር። ሐኪሙ ሲነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። መስማቱ ነው የገደለው። ያኔ ነው ለማንም ሰው በሽታውን አልናገርም ብዬ ለራሴ የማልሁት።»

እታለማሁ ሰሐን እንደ ያዘች ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ስለ ባሏ ስለ አቶ አወቀ ሞት በዚህ ግቢ ውስጥ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ወዲህ አፏን ከፍታ አታውቅም።

«አንተ ልጅ ነበርህ፤ ትምህርት ቤት ትውላለህ» አለች። «ሐኪሙ የነገረው ዕለት እኔ ምን እንደምለው ጨነቀኝ። ምግቡን በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ወንድም ጋሼም በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነቡ ነበር፤ ሽባባውም ፈረሱን እያጠበ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያ ክፍል ውስጥ ገብቶ አልጋው ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው በሌላው በኩል ማንም ስላልነበረ ነው። ጨርሶ ያመነመነው በሽታው ነው፤ ብቻውን የተውነው ግን እኛ ነን።»

ሽባባው አለንጋውን በእጁ ላይ ይጠቀልል ጀመር። መምህር ዓባይነህም ስለ ጋዜጣው የተነገረው እውነት በመሆኑ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሙት ቃል አጥተው አንገታቸውን ደፉ። ጢሞቲዎስ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ። ከዚያ የቀርከሃ በርጩማውን አንሥቶ፣ ጉልበቱ የመምህር ዓባይነህን ጉልበት እስኪነካ ድረስ አስጠግቶ ተቀመጠ።

«ረቡዕ እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ እኔ ነኝ ከአጠገብዎ የምሆነው፤ ሐኪሞቹ የሚሉትን ሁሉ እየሰማሁ ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ» አለ። «ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ። ጉበቱም፣ ፊርማውም፣ ፍርሃቱም የእርስዎ ነበር፤ እኔ ግን የራሴን ፍርሃት ነበር የደበቅሁት። ተሳስቻለሁ።»